በአንድ ማሳ የሚሠሩ አባትና ልጅ ድርሻቸውን እንዴት ይለያሉ?

ገበሬዎች ሆይ!

በላፍቶና በአካባቢው አትክልት የሚያለሙትን ወይም ጥቂት የወተት ላሞች የሚያረቡትን ቤተ ሰቦች ብንመለከት፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ትውልድ ሲሠራ እናገኛለን። አባት ባለመሬት ነው፤ ልጅ ባለጉልበት ነው። ክረምት ከበጋ አብረው ይደክማሉ። ይሁን እንጂ ምርቱ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ስለሌለ፣ ልጅ «ተበደልሁ» ይላል፤ አባትም «ተደፈርሁ» ይላል። እንዲህ ያለው ቅሬታ ውሎ ሲያድር ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌም ወደ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ ድርሻ መነገር ያለበት ከመዝራት በፊት እንጂ ከጠብ በኋላ አይደለም።

ችግሩ ከየት መጣ?

የዛሬዎቹ አዛውንት ገበሬዎች ብዙዎቹ መሬት ያገኙት በወጣትነታቸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ የሚይዘው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል።

ለዚህ መሬት ወጣቶች የከፈሉትን ድካም መርሳት አይገባም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ጎዳና የወጡት ተማሪዎች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወርደው ፊደል አስተምረዋል፤ የገበሬ ማኅበራትን አደራጅተዋል። እንግዲህ አባት የያዘው መሬት በከፊል የወጣት ድካም ፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ ግን ይህን የመሰለ ዕድል አልገጠመውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ሞልቶ በግብርና ለመተዳደር የሚፈልግ ሰው በመሬት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። ሆኖም የሚሰጥ ትርፍ መሬት በሌለበት ስፍራ፣ ልጅ የአባቱን ማሳ ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በላፍቶ ደግሞ ከተማው ወደ ደቡብ እየሰፋ ስለሄደ የጥንቱ እርሻ አብዛኛው ቤትና መንገድ ሆኗል። የቀረው በወንዝ ዳርና በየግቢው ያለው ቁራጭ መሬት ነው።

በሌላ በኩል አባት መሬቱን ቶሎ የማይለቅበትን ምክንያት ልጅ ማስተዋል አለበት። እንደ መንግሥት ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈል ጡረታ ገበሬ የለውም። ጡረታው መሬቱና ልጁ ናቸው። መሬቱን ዛሬ ቢለቅ ነገ ማን እንደሚጦረው ካላወቀ፣ አጥብቆ ቢይዘው አይፈረድበትም።

ሁለቱም የሚያዋጡት ዕውቀት

አባት በዋልካ መሬት ላይ ውሃው በየት በኩል እንደሚተኛና ቦዩ በየት እንደሚቀደድ ያውቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የትኛው ጥግ እንደሆነ ያውቃል። ይህ በመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ነው።

ልጅ ደግሞ ጉልበት ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የአዲስ አበባ የአትክልት ጅምላ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ወደ ላፍቶ፣ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ገበያው ከደጃፍ ስለ ደረሰ፣ ልጅ ጎመኑ ከመቆረጡ በፊት ማለዳ በስልክ ዋጋ ጠይቆ «ዛሬ እንቁረጥ» ወይም «ሁለት ቀን እንቆይ» ለማለት ይችላል። የአባት ዕውቀት ምርቱን ያበዛል፤ የልጅ ዕውቀት ዋጋውን ያስገኛል። ስለዚህ ሁለቱም በድርሻው ውስጥ መቆጠር አለባቸው።

ድርሻን ለመለየት የሚረዱ ምክሮች

1ኛ፤ በመጀመሪያ ወጪን አውጡ። ለምሳሌ ከሩብ ሄክታር የተገኘ አትክልት በ60,000 ብር ተሸጠ እንበል። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለቀን ሠራተኛና ለጭነት የወጣው 18,000 ብር ከሆነ፣ ይህ ገንዘብ ወጪውን ላደረገው ሰው አስቀድሞ ይመለስ። ለክፍፍል የሚቀረው 42,000 ብር ነው።

2ኛ፤ የመሬቱንና የጉልበቱን ድርሻ ለዩ። ሲሶው፣ ማለት 14,000 ብር፣ ለመሬቱ ይሁን ብላችሁ ብትስማሙ፣ 28,000 ብር ለጉልበት ይቀራል። ልጅ ሦስት ቀን ሲሠራ አባት አንድ ቀን የሠራ እንደሆነ፣ ከጉልበቱ ድርሻ 21,000 ብር ለልጅ፣ 7,000 ብር ለአባት ይደርሳል። ስለዚህ አባት የመሬቱን ጨምሮ 21,000 ብር ያገኛል፤ ልጅም እንደዚሁ። የሥራው ቀን ሲለወጥ ድርሻውም ይለወጣል። እናትና ሴት ልጅ በአረም፣ በወተትና በገበያ የሠሩትም ቀን እንደዚሁ ይቆጠር፤ ያልተቆጠረ ድካም የቅሬታ ዘር ነውና።

3ኛ፤ ስምምነቱን በደብተር ጻፉ። የሥራውን ቀን፣ ወጪውንና የተሸጠበትን ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቡ። አባት ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ሁለት ጎረቤቶችም ምስክር ይሁኑ። ይህ አለመተማመን አይደለም። እቁብና እድር በመዝገብ የሚሠሩት አባላቱ ሌቦች ስለሆኑ አይደለምና።

4ኛ፤ ስለ ካሳ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት፣ ከገጠር መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ባለይዞታ የልማት ተነሺ ካሳ የሚታሰብለት ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ካሳው የሚከፈለው በባለይዞታው ስም ነው፤ የሚሰላው ግን ከማሳው በተገኘው ገቢ ነው። በዚያ ገቢ ውስጥ የልጁ ላብ አለበት። በደብተሩ የልጁ ሥራ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ገንዘቡ በመጣ ጊዜ ለቤተ ሰቡ የመነጋገሪያ መሠረት ይሆናል።

5ኛ፤ መሬቱ ለማን እንደሚተላለፍ በሕይወት ሳላችሁ ወስኑ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። የገጠር ባለይዞታ ግን የመጠቀም መብቱን ለቤተ ሰቡ አባል በስጦታ ወይም በውርስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በውሉም ላይ የአዛውንቱ መጦሪያ ተለይቶ ይጻፍ፤ ለምሳሌ አንዲት ላም ወይም በየወሩ የሚሰጥ የተወሰነ ገንዘብ።

6ኛ፤ አፈሩን አትበክሉ። የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣ ቆሻሻ እንደሚገባበት የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ዘወትር በሚጠጣ ማሳ ከባድ ብረቶች በአፈር ውስጥ ይከማቻሉ፤ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችም በተለይ ይስቡታል። በበጋ የሚገኘው ትርፍ ዛሬ ለአባት ነው፤ የተበላሸው አፈር ግን ለልጅ ይቀራል። ስለዚህ የጉድጓድ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የሚገኝ ከሆነ ቅጠላ ቅጠሉን በእርሱ አጠጡ።

ከአባቶች የተገኘ ትምህርት

በሥርዓት ተራ መልቀቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ኀላፊነቱ በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ተከታዩ ይተላለፋል። የሚረከበው ወገን ተራው እስኪደርስ በየእርከኑ ሲማር ይቆያል፤ የሚያስረክበውም በሕይወት ሳለ ያስረክባል፤ ካስረከበም በኋላ በምክሩ ይከበራል። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አገር በዚህ መንገድ ሲተዳደር ከኖረ፣ የሩብ ሄክታር ማሳም በዚሁ መንገድ ሊተዳደር ይችላል።

ገበሬዎች ሆይ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። የሚመጣው የመዝሪያ ወቅት ሳይደርስ አንድ ቀን ምሽት አባትና ልጅ፣ እናትና ሴት ልጅ በአንድነት ተቀመጡ። አንድ ደብተር ግዙ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።