ማውስ ምን ያያል? የጠረጴዛ ገጽ፣ የብርሃን ዓይነትና የምትክ ማውስ ምርጫ

የኮምፒዩተር ማውስ ሲበላሽ ምትክ ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዋጋው ስንት ነው? ባለ ገመድ ነው ወይስ ገመድ አልባ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የተገዛው ማውስ ሥራውን በትክክል ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በይበልጥ የሚወስነው ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?» የሚለው፣ እምብዛም አይነሳም። ጥያቄው ለምን ያን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ማውሱ ጠረጴዛውን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በወረቀት ፋንታ በበይነ መረብ ተሰጥቷል። «ለ»ን ሊመርጥ የሄደ ጠቋሚ ቀስት ዘሎ «መ» ላይ ቢያርፍ፣ ወይም አንድ ጊዜ የተጫነ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢቆጠር፣ የሚባክነው የተማሪው ደቂቃና እርጋታ ነው። ቤቱ ወይም ማደሪያው ሆኖ በሚዘል ማውስ የሚለማመድ ተማሪም ጥፋቱ የእጁ ይሁን የመሣሪያው ሳያውቅ ይቀራል።

ከመንኮራኩር ወደ ኳስ፣ ከኳስ ወደ ብርሃን

የመጀመሪያውን ማውስ ያሰበው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነበር። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ነበረ፤ ከሥሩም እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ ሁለት መንኮራኩሮች ነበሩት። አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የፊትና ኋላውን ጉዞ ይለካል። በኋላ መንኮራኩሮቹን ኳስ ተካቸው።

ባለ ኳሱ ማውስ ለፊዚክስ ተማሪ አሁንም ፈትቶ ሊያየው የሚገባ መሣሪያ ነው። ኳሱ ሲንከባለል ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችን ያዞራል፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ትንሽ ዲስክ አለ። ዲስኩ ሲዞር ከአንድ ወገኑ የሚመጣውን የብርሃን ጨረር እየከፈተና እየዘጋ ያሳልፋል፤ ኮምፒዩተሩም ብልጭታዎቹን ይቆጥራል። ዲስኩ ወደ ፊት ይዙር ወደ ኋላ ለመለየት ጥቂት የተዛነፉ ሁለት ብርሃን ተቀባዮች ይቀመጣሉ፤ ቀድሞ የተሸፈነው የትኛው እንደሆነ አቅጣጫውን ይናገራል። እንደ ሐሳብ እጅግ የሚያምር ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ አሸዋማና ሞቃት ከተማ ግን ኳሱ የጠረጴዛውን አቧራና የእጅ ላብ እየጠቀለለ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ዘንጎቹም ላይ ጥቁር ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል። ያን ቀለበት በጥፍሩ ያልፋቀ የዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ብዙ አይደለም። በብዙ አገሮች የትምህርት ቤት ላቦራቶሪዎች ውስጥ ደግሞ ኳሱ ራሱ የሌባ ሲሳይ ነበር።

በብርሃን የሚሠሩ ማውሶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የታዩ ቢሆንም ልዩ ምልክት የታተመበት ሰሌዳ ይፈልጉ ነበር። ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት ያወጣው፣ ያለ ልዩ ሰሌዳ የሚሠራው ማውስ ነው። የውስጥ ሴንሰሩ የተገኘው ከሂውሌት ፓካርድ በዚያው ዓመት ከተለየው ከአጂለንት ኩባንያ ነበር።

ፎቶ አንሺው ማውስ

የዛሬውን ማውስ ብትገለብጡት ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። በቀዳዳው ውስጥ የብርሃን ምንጭ፣ ሌንስና እጅግ አነስተኛ ካሜራ አሉ። ሴንሰር የምንለው ካሜራውንና አብሮት ያለውን የሚያሰላ ሰርኪዩት ነው።

ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጋደም ብሎ ጠረጴዛውን በጎን ይመታዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ከከተማችን መሐል ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆየውን የደቻቱን ወንዝ በቀትር ከድልድይ ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው አንድ ወጥ ሜዳ ይታየዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን እያንዳንዱ የእግር ዱካና እያንዳንዱ ጠጠር ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ያው ሜዳ በምልክት ተሞልቶ ይገኛል። አሸዋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚመጣበት ማዕዘን ነው። ማውሱም ለዓይናችን ልሙጥ የሚመስለውን ወረቀት በዚህ የምሽት ብርሃን ያየዋል፤ የወረቀቱ ክሮች እንደ ጉብታ ጥላ ይጥሉለታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የንጽጽር ነው። ከአጂለንት ርካሽ ሴንሰሮች አንዱ የሆነውን፣ ኤዲኤንኤስ 2610 የተባለውን እንውሰድ። የሚያነሳው ፎቶ 18 በ18፣ በድምሩ 324 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛው የሚያየውም ጎኑ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ካሬ ነው። ነገር ግን በአንድ ሰከንድ 1,500 ያህል ፎቶ ያነሳል። እጃችን ማውሱን በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ቢገፋው፣ 300 ሚሊ ሜትር ለ1,500 ሲካፈል፣ በሁለት ተከታታይ ፎቶዎች መካከል የተጓዘው 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ፎቶ በአብዛኛው ያው የመጀመሪያው ነው፤ ልዩነቱ ሦስት ያህል ነጥብ ወደ ጎን መገፋቱ ነው። ሰርኪዩቱ አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ እያንሸራተተ በሚገባ የሚገጥሙበትን ቦታ ይፈልጋል፤ የተገኘውም ርቀትና አቅጣጫ ለኮምፒዩተሩ ይነገራል። በስልካችን ሰፊ ፎቶ ስናነሳ ቁርጥራጮቹ የሚሰፉበት ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ ስሌት ሁለት የብልሽት ምክንያቶች ወዲያው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ያንኑ ማውስ በሰከንድ 1.5 ሜትር ብንወረውረው በሁለቱ ፎቶዎች መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ የሚጋሩት ምልክት ያልቃል፤ እንዲያውም ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ መሳት ይጀምራል። ለጨዋታ የሚሠሩ ማውሶች በሰከንድ ከ10,000 በላይ ፎቶ የሚያነሱት ለዚህ ነው፤ ለጽሑፍና ለፈተና ግን ያን ያህል ፍጥነት አያሻም።

ሁለተኛውና ለእኛ የሚያሳስበው ገጹ ነው። ፎቶዎቹ ምልክት ከሌላቸው የሚነጻጸር ነገር የለም። መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ይሰደዋል፤ የተወለወለ ድንጋይ ወይም በጣም የሚያብረቀርቅ ላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ በነጸብራቅ ሕግ መሠረት በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላው ወገን ይመልሰዋል፤ ወደ ሌንሱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ላይ መስታወት አንጥፎ ማውሱን የሚራገም ሰው በማውሱ እየፈረደ ያለው የሌለ ነገር አላየህም ብሎ ነው።

ቀይ፣ የማይታይ፣ ሌዘር

በገበያ ላይ የሚገኙት ዓይነቶች በዋነኛነት የሚለያዩት በብርሃን ምንጫቸው ነው። የተለመደው ቀይ ኤልኢዲ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን የሚጠቀም ኤልኢዲ አለ፤ አሠራሩ ያው ነው፣ የሚቆጥበው ኃይል ግን በባትሪ ድንጋይ ለሚሠራ ገመድ አልባ ማውስ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ሌዘር ሲሆን ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሰፊው ገበያ ካቀረበው ወዲህ የታወቀ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 850 ናኖ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እርሱም አይታይም። ልዩነቱ ሞገዶቹ እርምጃቸውን ጠብቀው መጓዛቸው ነው። ከሸካራ ገጽ ላይ ሲመለሱ አንዱ ከሌላው ጋር እየተጋጠመ፣ የሞገድ ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ደማቅ፣ ጫፍ ከጎድጓዳ ሲገናኝ ጨለማ ነቁጥ ይፈጠራል። በክፍል ውስጥ የሌዘር መጠቆሚያ ግድግዳ ላይ ስናበራ የሚታየው የሚርመሰመስ ነቁጥ ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ሌዘር ቀይ ኤልኢዲ ምንም በማያይባቸው ልሙጥ ገጾች ላይ ምልክት ያገኛል። ይሁን እንጂ ጥራቱ ራሱ ጣጣ አለው፤ በጨርቅ ላይ ሲሆን የላይኛውን ክር ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም እያየ የሚለካው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር ጥቂት ይዋዥቃል። ትክክለኛነትን አጥብቀው የሚሹ የጨዋታ ማውስ አምራቾች በብዛት ወደ ኤልኢዲ የተመለሱት በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ «ሌዘር ከኤልኢዲ ይበልጣል» የሚለው የሻጭ አነጋገር እንደ ሕግ ሊወሰድ አይገባም።

በንጹሕ መስታወት ላይ ደግሞ ተራው ሌዘርም አይሠራም። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚህ ያወጣው ዘዴ የባዮሎጂ ተማሪዎች ከሚያውቁት የጨለማ ዳራ ማይክሮስኮፕ የተወሰደ ነው፤ መስታወቱን ሳይሆን በላዩ ያሉትን ረቂቅ ጭረቶችና የአቧራ ቅንጣቶች በጥቁር ዳራ ላይ አብርቶ ያያል። ኩባንያው የመስታወቱ ውፍረት ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ግሩም ፊዚክስ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። አንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ ማንጠፍ ያንኑ ችግር በነጻ ይፈታል።

ታይዋን ገበያ

ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ይህች ከተማ የባሕር ማዶ ዕቃ ሳይጠፋባት ኖራለች። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፈላጊም ታይዋን ወደሚባለው ገበያችን ይሄዳል። የሚገርመው፣ የአጂለንት የማውስ ሴንሰር ሥራ በሌላ ኩባንያ በኩል አልፎ በመጨረሻ የደረሰው ፒክስአርት ወደተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ መቀመጫው በእውነተኛዋ ታይዋን ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት ማውሶች የብዙዎቹ ዓይን የእርሱ ሥራ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን አሮጌው ማውስ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ይገባል። ቀስቱ የሚዘል ከሆነ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፉና ሞክሩ፤ ከተስተካከለ የታመመው ጠረጴዛው ነበር። ካልተስተካከለ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ሌንሱ ፊት ከቆመች፣ ማውሱ ሲንቀሳቀስ እርሷ አብራው ስለምትሄድ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ ትታያለች፤ ሴንሰሩም «አልተንቀሳቀስንም» የሚል የሐሰት ምስክር ያገኛል። ደረቅ የጥጥ እንጨት ይበቃል። ከሥሩ ያሉት ተንሸራታች እግሮችም ቆሻሻ ሲጋግርባቸው ማውሱን ከገጹ ያርቁታል፤ ሌንሱ የተስተካከለው ለአንድ ርቀት ስለሆነ ምስሉ ይደበዝዛል። በአንጻሩ አንድ ጊዜ ሲጫን ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ቁልፍ ወይም ገመዱ ሲታጠፍ የሚጠፋ ማውስ የሴንሰር ችግር የለበትም፤ የቁልፉን ስዊች መበየድ ከሚችል ባለሙያ በቀር ምትክ መግዛቱ ይሻላል።

በሱቁ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሊያታልሉ ይችላሉ። አንደኛው «ሌዘር» የሚለው ቃል ነው። ከሥሩ ቀይ ብርሃን ስላልታየ ብቻ ሌዘር ነው ማለት አይደለም፤ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲም አይታይም። በስልክ ካሜራ ሲታይ ሁለቱም ደብዛዛ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብርሃን ሊያሳዩ ስለሚችሉ ይህም አይለያቸውም። እውነተኛ የሌዘር ማውስ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የአንደኛ ክፍል ሌዘር መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው።

ሁለተኛው ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር ነው። ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ ስንት እርምጃ እንደሚቆጥር ያመለክታል። ስፋቱ 1,366 ነጥብ የሆነ የተለመደ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ፣ ባለ 1,600 ማውስ በ2.2 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ ባለ 800ው በ4.3 ሴንቲ ሜትር። ትንሿን የመልስ ክብ ለመምረጥ የትኛው እንደሚቀል እጃችሁ ይነግራችኋል። በርካሽ ማውስ ሣጥን ላይ የሚጻፈው ታላቅ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሌት የተባዛ እንጂ ሴንሰሩ በእርግጥ ያየው አይደለም። ሦስተኛው የሚያብረቀርቅ መብራት ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ለእኔ ምርጫው ቀላል ነው። ተራ እንጨት፣ ወረቀት ወይም የጨርቅ ማውስ ፓድ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ባለ ገመድ የኤልኢዲ ማውስ፣ ከ800 እስከ 1,600 ዲፒአይ ያለው፣ ከበቂ በላይ ነው፤ ድንጋይም አይጠይቅም። ከሌዘር ማውስ ዋጋ ላይ የተረፈው ገንዘብ ለጨርቅ ፓዱ ይውላል። ጠረጴዛችሁ ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ምንም ሊነጠፍበት የማይችል ከሆነ ብቻ ሌዘር ፈልጉ።

ባለሱቁ እንድትሞክሩት ከፈቀደ ማውሱን በኮምፒዩተሩ ላይ ሰክታችሁ ቀስቱን በስክሪኑ ላይ ከሚገኝ አንድ ምልክት ላይ አሳርፉ። ከዚያም ማውሱን ከመጽሐፍ ጠርዝ ጋር አስጠግታችሁ ጥቂት በቀስታ ግፉትና በዚያው ፍጥነት እዚያው መነሻው ላይ መልሱት፤ ቀስቱም ወደ ምልክቱ መመለስ አለበት። በተመሳሳይ ፍጥነት ሄዶ ሲመለስ ደጋግሞ የሚዛነፍ ከሆነ ሌላ አስወጡ። ጉዞው ቀስቱን ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እንዳያጋጨው ግን ተጠንቀቁ፤ ጠርዝ ላይ የቆመ ቀስት መመለሻውን ያዛባል። ሁለቱን ቁልፎችና መሐለኛውን ጎማ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ገመድ አልባ ከሆነ ትንሿ ሪሲቨር በባትሪ ማስቀመጫው ውስጥ መኖሯን ሳታዩ አትውጡ፤ ያለ እርሷ አብዛኛው ገመድ አልባ ማውስ አይሠራም።