ሶላሩ ነው የሞተው ወይስ ባትሪው?

መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን ማርያም የወጣ ሰው የአምባሰልን ገደል በእግሩ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ አገር ምሰሶ አቁሞ ሽቦ ከመዘርጋት ፓኔል በአህያ ጭኖ ማውጣት ይቀላል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሁለተኛ ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ ያህሉን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛው በሶላር፣ መብራት ለማድረስ ማቀዱ አያስገርምም። ግን በኩራዝ ለሚያመሽ ቤት አዲስ ሶላር ውድ ነው። እናም ጥያቄው ይመላለሳል፦ ፈረንጅ ያወረደውን አሮጌ ፓኔል ለምን አናመጣም?

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ፓኔል በዓመት የሚያጣው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ 20 ዓመት ሠርቶም ከ80 በመቶ በላይ አቅሙን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ የተሻለ ስለገዛ ብቻ የሚወርድም አለ።

ጣጣው ከመጣ በኋላ ነው። የትልልቅ ጣቢያዎች ባለ 60 ሴል ፓኔል ፀሐይ ላይ ሲለካ ወደ 38 ቮልት ያሳያል፤ የገጠር ቤት ባትሪ ግን ባለ 12 ቮልት ነው። በተራው መቆጣጠሪያ ሲያያዙት ቮልቱ ወደ ባትሪው ልክ ይወርድና 300 ዋት የተባለው ፓኔል ከመቶ ዋት ብዙም አያልፍም። ቮልቱን አውርዶ አምፔሩን የሚያሳድገው ኤምፒፒቲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ይወደዳል። በርካሽ የተገዛው ፓኔል እዚህ ላይ ዋጋውን ያስከፍላል።

ከዚህ የሚብሰው የባትሪው ነገር ነው። የሊድ ባትሪ በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ይሞታል፤ ቤተሰቡም «ሶላሩ ተበላሸ» ብሎ ደህናውን ፓኔል ይተወዋል። ሰሜን ሸዋ ሬማ ውስጥ አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ከ2,000 በላይ የቤት ሶላር ሲያስተክል የቴክኒሻን ማሠልጠኛም አብሮ ከፍቷል። ብልሃቱ ያለው ከፓኔሉ ቁጥር ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 አለን፤ ደንብ ግን ባትሪ አይቀይርም።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ ከማስጫን በፊት ጣሪያችን ላይ ያለው ይቅደም። መስታወቱ ካልተሰነጠቀና ጀርባው ካልተቃጠለ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሽቦውን አስለኩ። ቮልት ብቻ ያታልላል፤ አምፔሩንም አስለኩት። ባለ 50 ዋቱ ወደ ሦስት አምፔር ከሰጠ ፓኔሉ ደህና ነው፤ ባትሪ ግዙለት።