ከፋብሪካ አብሮ የመጣውን ብራውዘር ወደ ቀድሞ እትሙ ስለ መመለስ፤ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነጋዴዎች የሚሆን ማብራሪያ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚነግድ ሰው ዛሬ ከሚዛኑና ከሒሳብ መዝገቡ ቀጥሎ ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ስልኩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የማሾ፣ የሽንኩርት፣ የማሽላና የጤፍ መገበያያ እንደ መሆኗ መጠን፣ ነጋዴዎቿ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚጠይቁት፣ የባንክ ሒሳባቸውን የሚመለከቱትና የጭነት ክፍያ የሚልኩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፍቷል።

ስለዚህም የኢንተርኔት ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር፣ ለምሳሌ ክሮም የተባለው፣ አንድ ቀን ሲታወክ አብሮ የሚታወከው ንግዱ ነው። ማታ ደኅና የነበረው ብራውዘር ሌሊት ራሱን አድሶ ጠዋት ገጽ አልከፍት ቢል፣ ወይም ገና ሲከፈት መልሶ ቢዘጋ፣ ባለ ስልኩ «የቀድሞው ይሻል ነበር፤ ወደ እርሱ ልመለስ» ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ የመመለሻውም መንገድ አለ። ነገር ግን መንገዱ የት እንደሚያደርስ ሳያውቁ መግባት ከመጀመሪያው ችግር የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል።

ብራውዘሩ በስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጥበት ሁኔታ

አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዳንድ አፕሊኬሽኖች አብረውት ተጭነው ይመጣሉ። እነዚህም ባለቤቱ ሊጽፍበትም ሆነ ሊፍቅበት በማይችለው የስልኩ ክፍል የተቀመጡ ስለሆኑ ከቶ አይጠፉም። ከዚያ በኋላ በፕሌይ ስቶር በኩል የሚመጣው አዲስ እትም የፋብሪካውን አይተካውም፤ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በላዩ ይደረባል እንጂ። እንግዲህ በስልኩ ላይ የሚገኙት እትሞች ሁለት ናቸው፤ ይኸውም ከሥር የፋብሪካው፣ ከላይ ደግሞ የመጨረሻው ዝመና ነው።

ከዚህም አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። የላይኛው በተነሣ ጊዜ የሚገለጠው የባለፈው ወር እትም ሳይሆን ስልኩ የተሠራበት ጊዜ እትም ነው። በ2012 ዓ.ም. ተሠርቶ የተሸጠ ስልክ፣ አጠቃላይ ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ ካልታደሰ በስተቀር፣ የሚመለሰው ወደ 2012 ዓ.ም. ብራውዘር ነው። ባለቤቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሄደው አያሌ ዓመታት ነው።

ከመመለስ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብራውዘሩ ሳይሆን የሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ ያንኑ ገጽ በሌላ ሰው ስልክ ወይም በሌላ ብራውዘር መክፈት ነው። በዚያም እንቢ ካለ ጥፋቱ የገጹ ወይም የመሥመሩ ስለሆነ፣ የብራውዘሩን እትም መለወጥ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛ፤ የስልኩን ቀን መመልከት ነው። አንድ ሰው በስልኩ የቀን መሙያ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ፈንታ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ቢሞላ፣ ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ብራውዘሩ የገጾችን የደኅንነት ምስክር ወረቀት በቀናቸው ስለሚመረምር፣ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና ያልደረሰ መስሎት ገጹን አልከፍትም ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀኑን ማቃናት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ የስልኩ ማስቀመጫ ሞልቶ እንደ ሆነ ማየትና ካሽ የሚባለውን የብራውዘሩን ጊዜያዊ ማከማቻ ማጽዳት ነው። ካሽን ማጽዳት የይለፍ ቃልንም ሆነ ሌላ የተቀመጠ ነገርን አያጠፋም።

አራተኛ፤ በፕሌይ ስቶር ገብቶ ከተበላሸው እትም በኋላ የተስተካከለ አዲስ እትም መጥቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መሄድ ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው።

መመለሱ የሚፈጸምበት መንገድ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋቱ የአዲሱ እትም መሆኑ ከተረጋገጠ ሥራው አጭር ነው። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የአፕሊኬሽኖችን ዝርዝር ከፍቶ ክሮምን መምረጥ፣ በላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች መጫን፣ ከዚያም «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ማለትም ዝመናዎችን አራግፍ የሚለውን መምረጥ ነው። የቃላቱና የቦታቸው ሁኔታ እንደ ስልኩ ዓይነት ጥቂት ሊለያይ ይችላል፤ በአንዳንድ ስልኮችም ላይ ብራውዘሩን ማሰናከል እንጂ ዝመናውን ማራገፍ አይፈቀድም።

ስልኩ ሥራውን ከመፈጸሙ በፊት አፕሊኬሽኑ በፋብሪካው እትም እንደሚተካና በውስጡ ያለው መረጃ ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ በጥሞና ሊነበብ ይገባል። ከጉግል አካውንት ጋር ያልተያያዘ የይለፍ ቃል፣ ምልክት የተደረገበት ገጽና ተከፍቶ የቆየ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳልና። ስለሆነም የባንክና የግብር ገጾች መግቢያ አስቀድሞ በመዝገብ መያዝ አለበት። ከኢንተርኔት ወርደው በስልኩ ማኅደር የተቀመጡ ደረሰኞችና ሰነዶች ግን አይነኩም።

ፕሌይ ስቶር ያንኑ የተበላሸ እትም ወዲያው መልሶ እንዳይጭን፣ በዚያው በፕሌይ ስቶር የክሮም ገጽ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ተጭኖ በራሱ እንዲታደስ የሚፈቅደውን ምልክት ለጊዜው ማንሣት ይቻላል። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም።

መመለሱ የጠቀመበት ጊዜ

ይህ መንገድ በእርግጥ የጠቀመበት ታሪክ አለ። በአንድሮይድ ውስጥ ዌብቪው የሚባል ክፍል ይገኛል፤ ሥራውም ሌሎች አፕሊኬሽኖች የኢንተርኔት ገጽን በራሳቸው መስኮት እንዲያሳዩ ማገልገል ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አንድሮይድ 5 ከወጣ ወዲህ፣ ይህ ክፍል እንደ ማንኛውም አፕሊኬሽን በፕሌይ ስቶር በኩል ይታደሳል። መጋቢት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚህ ክፍል ላይ ጉድለት ስለ ተፈጠረ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የጂሜይልና የሌሎች አያሌ አፕሊኬሽኖች ተጠቃሚዎች አፕሊኬሽኑ ገና ሲከፈት መልሶ እየተዘጋ ተቸገሩ። በዚያን ጊዜ የሳምሰንግ የደንበኞች አገልግሎት የሰጠው ምክር የዌብቪውን ዝመና ማራገፍ ነበር፤ የተከተሉትም ሥራቸውን ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆይ ጉግል የተስተካከለውን ዌብቪውና ክሮም አወጣ፤ ትክክለኛውም መፍትሔ ይኸው ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት፣ መመለስ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መሻገሪያ መሆኑ ነው። በጣርማ በር ቁልቁለት ናዳ ወርዶ መንገድ ቢዘጋ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ሾፌር መንገዱ እስኪጠረግ ድረስ ደብረ ብርሃን ያድራል እንጂ እዚያው ጎጆ አይቀልስም።

በአሮጌ እትም መቆየት የሚያስከፍለው ዋጋ

የብራውዘር ዝመና መልክን ለማሳመር ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌቦች የሚገቡበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ጉግል ለክሮም ያወጣው አስቸኳይ ዝመና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዌብፒ በሚባለው የሥዕል ዓይነት ማንበቢያ ውስጥ የተገኘው ጉድለት፣ ተንኮል የተሞላበት ሥዕል ያለበትን ገጽ በመክፈት ብቻ ብራውዘሩን ለጥቃት የሚያጋልጥ ነበር። ጉግልም ጉድለቱ በተግባር ለጥቃት እየዋለ መሆኑን አስታውቋል። ፋየርፎክስና ኤጅም በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ ዝመና አውጥተዋል።

ይህ ቀን ለይፋት የተለየ ትርጉም አለው። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ያ ዝመና በወጣበት ጊዜ በሞባይል መሥመር ብቻ ይገለገል የነበረ ስልክ ሊያገኘው አልቻለም። እርግጥ ነው፣ መሥመር በሌለበት ጊዜ አደጋውም ሩቅ ነው፤ አደጋው የሚቀርበው መሥመሩ ተመልሶ ስልኩ በአሮጌው ብራውዘር ወደ ገበያ ሲወጣ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጠራቀመው ዝመና ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ስልኩን ያዘገያል፤ የካርድ ገንዘብንም ይበላል። ባለቤቱም ተማርሮ ዝመናውን ቢያራግፍና የራስ በራስ እድሳቱን ቢዘጋ፣ ያገኘውን መከላከያ በገዛ እጁ ጥሎ የባንክ ሒሳቡን ባልተደፈነ ቀዳዳ ፊት ያስቀምጣል። ከ2013 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ስልክ የፋብሪካ እትም ይህን መድፈኛ እንደማይዝ ግልጽ ነው።

ከሰው እጅ ስለሚገኝ ፋይል

የፋብሪካው እትም እጅግ አሮጌ ሆኖ ያስቸገረው ሰው፣ መካከለኛ እትም ፍለጋ ኤ.ፒ.ኬ. የሚባለውን የመጫኛ ፋይል ከጓደኛ ስልክ ወይም ከማይታወቅ ገጽ ሊቀበል ይችላል። በዚህ ስፍራ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንድሮይድ በተጫነው እትም ላይ ከእርሱ ያነሰ እትም እንዲደረብ በተለመደው መንገድ አይፈቅድም። እንዲሁም እያንዳንዱ ዝመና የሠሪውን ድርጅት የምሥጢር ፊርማ የያዘ መሆን አለበት፤ የጉግል ፊርማ የሌለበት ፋይል በእውነተኛው ክሮም ላይ አይጫንም። እንግዲህ ስልኩ አልጭንም ሲል ጠባቂው ሥራውን መሥራቱ ነውና፣ በግድ ለማስጫን መድከም አይገባም።

አጭበርባሪው ግን ሌላ በር አለው። የክሮምን መልክና ስም የያዘ፣ ነገር ግን በእውነቱ ሌላ የሆነ አፕሊኬሽን እንደ አዲስ ዕቃ ማስገባት ይችላል። በስልኩ ላይ ከቀድሞው አጠገብ ሁለተኛ «ክሮም» ብቅ ካለ፣ ወይም ብራውዘር የተባለው ነገር አጭር መልእክት ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀ፣ ወዲያው ማጥፋት ይገባል። የባንክ ማረጋገጫ ቍጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት ስለሆነ፣ ያንን የሚያነብ ሌባ ገንዘቡንም ያገኛል።

ስለ አሮጌ ስልኮችና ስለ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር

ክሮም ከእትም 120 ጀምሮ፣ ይኸውም ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአንድሮይድ 7 ላይ መሥራቱን አቁሟል። ከእትም 139 ጀምሮ፣ ማለትም ከሐምሌ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአንድሮይድ 8 እና 9 ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ነጋዴ ዝመናውን ቢያራግፍም ባያራግፍም አዲስ መከላከያ አይደርሰውም። ስለዚህ የገንዘብ ሥራውን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር፣ አሮጌውን ለንግግር ብቻ ማዋል ይሻለዋል። በአይፎን በኩል ሳፋሪ ከስልኩ ሥርዓት ጋር አብሮ የሚታደስ ስለሆነ፣ ለብቻው ወደ ኋላ የሚመለስበት ቁልፍ የለውም።

በኮምፒዩተር ረገድ፣ በዊንዶውስ 7 ዘመን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን ከዝመናዎች ዝርዝር ማስወገድ የቀድሞውን እትም ይመልስ ነበር። ሆኖም ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአገልግሎት አሰናብቶታል። በኤጅ ላይ መመለስ የሚቻለው በድርጅት ደረጃ ኮምፒዩተሮችን የሚያስተዳድር ባለሙያ በሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህም ጉዳዩን ለባለሙያው መተው ይገባል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ብራውዘርን ወደ ፋብሪካ እትሙ መመለስ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ የሚሠራበት፣ ገንዘብ የማያስወጣና በስልኩ በራሱ ውስጥ የተፈቀደ መንገድ ነው። ነጋዴው ይህን ከማድረጉ በፊት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይመርምር፤ መግቢያዎቹን በመዝገብ ይያዝ፤ በአሮጌው እትም ሳለ የባንክና የክፍያ ገጾችን በብራውዘሩ ከመክፈት ይቆጠብ፤ ክፍያ ካለበትም በባንኩ ቅርንጫፍ ወይም ኢንተርኔት በማይጠይቀው የአጭር ቍጥር አገልግሎት ይፈጽም። በየቀኑ አንድ ጊዜ ፕሌይ ስቶርን ተመልክቶ የተስተካከለው እትም እንደ መጣ ይጫን፤ የራስ በራስ እድሳቱንም መልሶ ይክፈት። ይህን የፈጸመ ነጋዴ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲወጣ ስልኩም ሒሳቡም በደኅና ይገኛሉ።