ከአባት ሹራብ የልጅ ሹራብ፣ ክርኑ በቆዳ

በዚህ እትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ስለ ሹራብ ነው። የታኅሣሥን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ሰልፍ ላይ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው የሚንቀጠቀጡ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ሹራቡ ቤት አለ፤ ክርኑ ስለተቀደደ መልበሱን አፍረው ነው። ሌላው ቤት ደግሞ የአባት ትልቅ ሹራብ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

አቃቂ እኮ የጨርቅ ሰፈር ናት። በሕንዶች ካፒታል የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚሁ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ቆዳም ቢሆን ሩቅ አይደለም። የሀገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በውጭ ሀገር ጓንት ይሠራበታል። ለእኛ ሥራም የሚሻለው እሱ ነው፤ የበሬ ቆዳ ይወፍራል። ከአሮጌ ቦርሳ ወይም ከጫማ ሰፊ ቁርጥራጭ ይገኛል።

አሁን ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጠላ በድርና ማግ ይሸመናል። ሹራብ ግን ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ስለሚሠራ ይለጠጣል። ሹል መርፌ አንዷን ቀለበት ከበጠሰ መተርተር ይጀምራል። ለዚህ ነው ልብስ ሰፊዎች ለሹራብ ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ የሚመርጡት፤ ክሩን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ቆዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው አይደፈንም። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ እንደ ደረሰኝ ጠርዝ በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ በአንዱና በሌላው መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይኑር።

ልካችሁ የሆነ ሹራብ ጋዜጣ ላይ ዘርጉና ፊቱን፣ ጀርባውንና እጅጌውን ለየብቻ አስምሩ። ለስፌት ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ወረቀቱን ትልቁ ሹራብ ላይ ስታስቀምጡ የታችኛው ጠርዝና የእጅጌው ጫፍ ከራሱ ከሹራቡ ጠርዝ ጋር ይግጠም። የሚለጠጠው ጠርዝ ተዘጋጅቶ ይተርፍላችኋል ማለት ነው። ደግሞም የሚለጠጠው አቅጣጫ በሰውነት ዙሪያ እንጂ ወደ ታች አይሁን።

መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን ከትከሻው ጋር ስፉ። ጎኑን ግን አትዝጉት! እጅጌው ገና እንደተዘረጋ ነው ቆዳው የሚገባው። ከተዘጋ በኋላ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ትሰፉታላችሁ። ክርናችሁን አጥፋችሁ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቆዳውን እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ማዕዘን ካለው መጀመሪያ የሚነሳው ማዕዘኑ ነው። በስፒል አትያዙት፣ ስፒልም ይበሳዋል። የታጠበ ልብስ የምንሰቅልበት መቆንጠጫ ይበቃል። ቀዳዳውን አስቀድማችሁ በወስፌ ብሱ፤ ቆዳውን እንጨት ላይ አድርጋችሁ፣ ትልቅ ሰው ባለበት። ማስቲሽ አያስፈልግም፤ ሽታውም ለጤና ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ጎኑን ከእጅጌው ጫፍ እስከ ታች በአንድ ስፌት ዝጉ። መኪና ካለ ዚግዛግ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሹራቡ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። በእጅ የሚሰፋ ደግሞ በየስፌቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይስፋ። ለአንገቱ ከተረፈው ሹራብ ከአንገቱ ዙሪያ ትንሽ ያጠረ ቁራጭ ቁረጡና እየለጠጣችሁ ስፉት። አንገት ላይ ቆዳ ያምራል የሚሉ አሉ፤ ግን ስለማይለጠጥ ጭንቅላት አያሳልፍም፣ በቃ።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሲሰጣ ጥላ ላይ። ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ካውያም አይንካው።

መሞከር የምትፈልጉ ዓርብ በምሳ እረፍት አሮጌ ሹራብ ይዛችሁ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ኑ። ወስፌና ምላጭ ግን ይዛችሁ አትምጡ፣ በር ላይ ይወሰድባችኋል።