የእምቦጩ ካርታና የ«ፕሬዲክት» ጠባይ

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ አረሙ ቀጥሎ የቱን ዳርቻ ይይዛል የሚለው ጥያቄ የብዙ ጥናት መነሻ ሆኗል። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ለምን እንደበረታ ለመገመት የውኃው ጥልቀት፣ ወንዝ የሚያስገባው ደለልና የመሳሰለው ሁሉ ወደ ሞዴል ይገባል። ከዚያ ካርታ ይሳላል። ከሞዴሉ ወደ ካርታው በሚደረገው ሽግግር ላይ፣ ከሒሳቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ስሕተት ሊሾልክ ይችላል።

ለዚህ ሥራ ተመራማሪዎች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው አንዱ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። በአር ማንኛውንም ሞዴል «ተንብይ» የምንልበት ትእዛዝ አንድ ነው፤ ፕሬዲክት። ትእዛዙ የሞዴሉን ዓይነት አይቶ ለዚያ ዓይነት የተጻፈውን ኮድ ይጠራል። የሚመጣው መልስ ግን እንደ ኮዱ ጸሐፊ ነው።

መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አጠገብ አንዲት የካርታ ነጥብ እንውሰድ። የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሞዴል ለዚህች ነጥብ -1.4 የሚል መልስ ሰጠ እንበል። ዕድል ከዜሮ በታች አይወርድምና ቁጥሩ ሎግ ኦድስ ነው፤ ማለትም የመኖር ዕድል ለአለመኖር ዕድል ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሎጋሪዝም፤ ወደ ዕድል ሲመለስ 0.20 ገደማ ይሆናል። ዕድሉን በቀጥታ የሚፈልግ ሰው በትእዛዙ ውስጥ «ታይፕ» በሚለው ቦታ «ሪስፖንስ» ብሎ መጻፍ ነበረበት። የመቀነስ ምልክቱን ያየ ሰው ይነቃል። ክፉው ነገር ቁጥሩን ሳያዩ «ከ0.5 በላይ የሆነውን እምቦጭ አለበት በል» ብሎ ማለፍ ነው። በሎግ ኦድስ 0.5 ማለት በዕድል 0.62 ስለሆነ፣ ዕድላቸው ከ0.50 እስከ 0.62 የሆኑ ዳርቻዎች በሙሉ ከካርታው ይወድቃሉ። አንድም የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ ካርታውም ያምራል።

በብዙ የውሳኔ ዛፎች የሚተነብየው ራንደም ፎረስት የተባለው ሞዴል ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሳይነገረው ቁጥር ሳይሆን «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይመልሳል። አዲስ ዳታ ካልሰጡት ለእያንዳንዱ ናሙና ያንን ናሙና ባላዩት ዛፎች ብቻ ይተነብያል፤ ሎጂስቲኩ ግን የሠለጠነበትን ዳታ መልሶ ይገምታል። ሁለቱን በዚህ መንገድ ማወዳደር አንዱን ተማሪ ባላየው ጥያቄ፣ ሌላውን መልሱን ባየው ጥያቄ መፈተን ነው። ሬንጀርና ጂኤልኤምኔት የሚባሉት ጥቅሎች አዲሱን ዳታ የሚቀበሉበት ስም እንኳ ይለያል። እነዚህ ግን ስሙ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ ሥራውን አቁመው ስለሚጮኹ ጉዳታቸው ትንሽ ነው።

ይህ የመልስ መለያየት የመጣው ከትእዛዙ አሠራር ነው። የአር ወላጅ በሆነው ኤስ ቋንቋ፣ ቻምበርስና ሄስቲ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ የጋራ ትእዛዝ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ የጋራ የሆነው በዋናነት ስሙ ነበር፤ የመልሱ ቅርጽ ለየጸሐፊው ተተወ። ሎግ ኦድስን ያስቀደሙትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የስሕተት ወሰን በዚያ ሚዛን ላይ ሲሰላ ይበልጥ ይሰምራል። ለስታቲስቲክስ ሊቅ ይህ ምቹ ነው፤ ለካርታ ሠሪ ግን ወጥመድ ይመስለኛል። የፓይተኑ ሳይኪት ለርን ለሁሉም ሞዴል አንድ ደንብ ከመጀመሪያው አስቀምጧል። በአር በኩል ካሬት፣ በኋላም ፓርስኒፕ የሚባሉት ጥቅሎች ክፍተቱን ሊሞሉ መጥተዋል። ፓርስኒፕ በመደበኛ አሠራሩ ሰንጠረዥ ይመልሳል፤ የረድፎቹም ብዛት ከአዲሱ ዳታ ጋር እኩል ነው። በአንጻሩ የአንዳንድ ሞዴሎችን ልዩ አማራጮች ለማግኘት ተጨማሪ ድካም ይጠይቃል።

ጥቅል መቀየር ለማይሹም መላ አለ። «ታይፕ» የሚለውን ሁልጊዜ በግልጽ መጻፍ፣ ከካርታው በፊት የትንበያውን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማየት፣ ለቡድኑ በሙሉ አንድ የትንበያ ፈንክሽን ማዘጋጀት። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታማክሩ መምህራንም የተማሪያችሁን ካርታ ከማጽደቃችሁ በፊት ካርታውን ያወጣችውን አንዲት የኮድ መስመር አሳዩን በሉ።