ከማሳው ችካል እስከ ከንቲባው ወንበር፦ ከተማ ሲሰፋ ውሳኔው የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማበር ቁልቁል ተጠማዝዞ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ሸዋ ሮቢትን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቁ፣ ምግብ ቤቱና መጋዘኑ ተደርድሯል፤ ከእነርሱ ጀርባ የቀን ሠራተኛው፣ መምህሩና ሹፌሩ የሚከራይዋቸው ክፍሎች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማሾውና ማሽላው የሚመረትበት ማሳ ይጀምራል። ከተማ ሲያድግ እነዚህን ሦስት ዓይነት ነዋሪዎች እኩል አይነካቸውም። የመንገድ ዳሩ ባለይዞታ ቦታው ይወደድለታል፤ ተከራዩ ኪራይ ይጨመርበታል፤ አርሶ አደሩ ደግሞ በማሳው ላይ ችካል ይተከልበታል።

ይህ የሸዋ ሮቢት ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንግሊዛዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሩት ግላስ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ለንደን ስትጽፍ፣ የሠራተኛው መደብ መንደሮች ገንዘብ ባላቸው ሰዎች እየተያዙ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች እንዴት እንደሚወጡ ተመልክታ ለሂደቱ “ጄንትሪፊኬሽን” የሚል ስም አወጣችለት። አማርኛ ለዚህ አንድ የረጋ ቃል ባያበጅለትም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሰፈሩ እየተሻሻለ ሰፈርተኛው የሚለወጥበት ሂደት ነው። ሂደቱ የከንቲባ ምርጫን እስከ መወሰን እንደሚደርስ በግልጽ ያሳየችው ከተማ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ናት።

በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1970 ከነዋሪው 71 በመቶው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ2010 ቁጥሩ ወደ 51 በመቶ ዝቅ አለ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በተለይ ከ2000 ወዲህ አሮጌ ቤቶች ታድሰው ተወደዱ፤ የንብረት ግብርና ኪራይ ናረ፤ አዳዲስ ምግብ ቤቶችና የብስክሌት መንገዶች መጡ። ከንቲባው አድሪያን ፌንቲ በ2006 በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ በከተማው ባሉ የምርጫ ጣቢያዎች ሁሉ ያሸነፉ፣ በሁሉም ወገን የተወደዱ ሰው ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በዚያው ምርጫ በቪንሰንት ግሬይ ተሸነፉ። ግሬይ 54 በመቶ ገደማ ድምፅ ሲያገኙ፣ ነጮችና ባለገንዘቦች የሚበዙባቸው ምዕራባዊ ሰፈሮች ለፌንቲ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉት የጥቁር ድሆች ሰፈሮች ደግሞ በከፍተኛ ልዩነት ለግሬይ ድምፃቸውን ሰጡ።

ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ መራጩን የከፈለው የዕጩዎቹ የቆዳ ቀለም አልነበረም። ፌንቲ ትምህርት ቤቶችን አድሰዋል፣ መናፈሻዎችንና የስፖርት ማዕከላትን ገንብተዋል፤ ይህን ተቃዋሚዎቻቸውም አይክዱም። ነገር ግን በእርሳቸው ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ መምህራን ተሰናበቱ። በዚያች ከተማ የመምህርነትና የመንግሥት ሥራ ለጥቁሩ መካከለኛ መደብ የኑሮ ምሰሶ ነው። መሻሻሉ ለእነርሱ ሳይሆን እነርሱን ለሚተኩ ሰዎች እንደሚሠራ የተሰማቸው ነዋሪዎች ቁጣቸውን በድምፅ መስጫው ገለጹ። ውጤቱ ከተማውን ከመወደድ አላቆመውም፤ ከንቲባ መለወጥና ገበያን መለወጥ አንድ አይደሉምና። ከዚያ በኋላ ግን የትኛውም የከተማው ዕጩ የመኖሪያ ቤት ዋጋን ጉዳይ ዘልሎ ማለፍ አልቻለም።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ በሁለት ወገን ይገኛሉ። በአዳምስ ሞርጋን፣ በኋላም በዩ ጎዳናና በ9ኛው ጎዳና መገናኛ አካባቢ ምግብ ቤት የከፈቱት እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ ሁከት ወዲህ ተጎሳቁሎ የቆየውን ሰፈር ካነቃቁት መካከል ናቸው። አካባቢው “ትንሿ ኢትዮጵያ” ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ ሰፈሩ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ ታሪክ መዲና መሆኑን የሚያውቁ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ዓመታት ሳይቆጠሩ ግን የኪራዩ ንረት ኢትዮጵያውያኑንም ደረሰባቸው፤ ብዙዎቹ ንግዳቸውንና መኖሪያቸውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አዛወሩ። ትናንት “መጤ” የተባለው ዛሬ ተገፊ ሆነ።

ይህን ወደ ይፋት ስናመጣው ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከንቲባው በማን እንደሚመረጥ ነው።

በኢትዮጵያ የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። የከተማው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ፈቀደ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ዛሬም “የቀበሌ ቤት” የሚባለው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ጸና፤ አርሶ አደሩም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ተደነገገ። ከተሞች ግን ቦታን በሊዝ ያስተላልፋሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ ለመኖሪያ ሲሆን ለ99 ዓመት እንዲያዝ ይላል።

አንድ መሬት ከገጠር ወደ ከተማ ሲሻገር ሁለት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አርሶ አደሩ የሚካሰው የመሬቱን ዋጋ አይደለም፤ መሬቱ የእርሱ አይደለምና። የሚካሰው የንብረቱንና የሚያጣውን ገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 455 ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥማድ፣ ማለትም 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ የመስኖ ማሳ በጥሩ ዓመት 80 ሺህ ብር ያስገባል እንበል። በ15 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይሆናል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሲታይ ብዙ ነው፤ በካሬ ሜትር ሲካፈል ግን 480 ብር ነው። ያው ቦታ ተሸንሽኖ ለጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር ብዙ ሺህ ብር ቢቀርብበት ልዩነቱ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ የአርሶ አደሩ ተገቢ ጥያቄ ነው። የከተማ አስተዳደሩም መልስ አለው፦ ከቦታው ብዙው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለአረንጓዴ ቦታ ይውላል፤ ውኃና መብራት መዘርጋት ወጪ ይጠይቃል። መልሱ እውነትነት አለው። ልዩነቱ በምን ላይ እንደዋለ በግልጽ ሲታይ ግን የበለጠ እውነት ይሆናል።

ለሮቢ ወንዝ ዳር አርሶ አደር “ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ” የሚለው ሐረግ ተራ የሕግ ቃል አይደለም። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ዓመት ጣራ ነክቶ በሌላው ዓመት ለማንሻ ጉልበት እንኳ የማይበቃ ይሆናል። በዝናብ የሚለማ መሬትና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመረትበት የመስኖ መሬትም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የሽያጭ ደረሰኝና የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ያለው አርሶ አደር በገማቾች ፊት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ የሌለው ግን በሌላ ሰው ግምት ይዳኛል። ካሳ ሳይጠብቅ በደላላ በኩል ማሳውን በድብቅ የሸጠም አለ። በዚያ ቦታ ላይ የሚበቅለው የጨረቃ ቤት ነው፤ ኋላ ሲፈርስ ገዢውም ሻጩም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ማሳው የከተማ እንዲሆን የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔው የሚጀምረው ከመዋቅራዊ ፕላን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላኑ ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዝዛል፤ የሚጸናውም ለ10 ዓመት ነው። የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። ከንቲባውን የሚመርጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የሸዋ ሮቢት ነዋሪ እንደ ዋሽንግተኑ ነዋሪ የከንቲባውን ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አያገኝም፤ የሚመርጠው የምክር ቤት አባል ነው፤ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ከንቲባውን ያቀርባል። ስለዚህ “ከንቲባው ማን ይሁን?” ከሚለው ይልቅ “የቀበሌያችን ተወካይ ስለ ፕላኑ ምን አለ?” የሚለው ጥያቄ ይቀርባል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ካልሆነ በቀር አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫም የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች አልተካተቱም። በ2005 ዓ.ም. በድሜው ሳይደርስ ድምፅ ያልሰጠ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ የራሱ ቤተሰብና የኪራይ ዕዳ ያለው ጎልማሳ ነው።

የምርጫና የመሬት ትስስር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አዲስ አበባ ደጋግማ አሳይታለች። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ግን ወንበሩን ሳይዙ ታሰሩ፤ ከተማዋም በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ማሳቸው በከተማዋ መስፋፋት የሚነካው አርሶ አደሮች በከተማዋ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡ አልነበሩም። የማንኛውም ከተማ ጠርዝ ችግር ይኸው ነው፤ ከተማው ወደ አርሶ አደሩ ይመጣል፣ የምርጫ ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ ከማሳው በኋላ ይደርሳል።

በይፋት ይህ ጉዳይ ሌላ ጥንቃቄም ይሻል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ቆላ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በደረሰባት ጥቃት ቤቶች ሲቃጠሉ ሸዋ ሮቢትም ጦሱ ደርሷታል፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጥቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የካሳ ቅሬታ በቶሎ የማንነት ቅሬታ ሊሆን ይችላል፤ “ማሳዬ ለምን በዚህ ዋጋ?” የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ “እኔ ማን ስለሆንኩ ነው?” ወደሚለው ይዞራል። የግምቱ ስሌት በአደባባይ ቢለጠፍ ቢያንስ የመጀመሪያው ጥያቄ የራሱን መልስ ያገኛል።

ተከራዩ ከሁሉም ያነሰ ድምፅ አለው። ይዞታ ስለሌለው ካሳ የለውም፤ በፕላን ውይይትም የሚጠራው ባለይዞታው ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በመንግሥት በሚወሰን መጠን እንዲሆን ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚመርጣቸው ነው።

ማሳው ላይ ችካል ለተተከለበት አርሶ አደር አዋጅ ቁጥር 1161 ሁለት በሮች ይከፍታል። አንደኛው፣ አቅም ካለው በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ለማልማት ቅድሚያ መጠየቅ ነው፤ ጥቂቶች የሚያውቁት በር ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ነው፦ የማስለቀቂያ ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ማቅረብ፣ ካልረካም ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ትዕዛዙ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ስለሆነ ወረቀቱን ሲቀበል የተቀበለበትን ቀን ጽፎ መፈረም ይኖርበታል።