ፖታሲየም ባይካርቦኔት፦ ገራሙ ዱቄት የሚከፋበት ጊዜ

የጽጌረዳ እርሻ፣ የብስኩት ፋብሪካና የነዳጅ ዴፖ የሚያመሳስላቸው ነገር ያለ አይመስልም። በሦስቱም ግቢ ግን አንድ ዓይነት ነጭ ዱቄት ሊገኝ ይችላል። አበባ አብቃዮች ፓውደሪ ሚልዲው የሚሉትን፣ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን ሻጋታ ለመከላከል በውሃ በጥብጠው ይረጩታል። የሶዲየም መጠን መቀነስ የሚፈልጉ ምግብ አምራቾች በቤኪንግ ሶዳ ፋንታ ሊጥ ያስነሱበታል። የነዳጅ እሳት ለማጥፋት የሚያገለግለው ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ዱቄትም ዋና ንጥረ ነገሩ እሱው፣ ፖታሲየም ባይካርቦኔት ነው።

ሽታ የለውም፣ አይቀጣጠልም፣ ምግብ ውስጥ እንዲገባም የተፈቀደ ነው። ሰው የሚዘናጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዱቄቱ በራሱ ገራም ቢሆንም እርጥበት፣ ከፍተኛ ሙቀት ወይም አሲድ ሲያገኘው ጠባዩ ይለወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እርጥበት ነው። ፖታሲየም ባይካርቦኔት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ20 ግራም በላይ ያሟሟል። ከረጢቱ በደንብ ካልታሰረ የክረምት አየር የቅንጣቶቹን ገጽ በስሱ ያርሰዋል። አየሩ ሲደርቅ ደግሞ የሟሟው ተመልሶ ይረጋና ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። እርጥበት እንዳገኘው ስኳር ይጓጉላል ማለት ነው። የጓጎለ ዱቄት የግድ ተበላሽቷል ባይባልም የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል፤ በእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አልወጣም ሊል ይችላል። ቀን ሞቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝ የደጋ መጋዘን ውስጥ ግማሹ የጎደለ በርሜል ሌላ ችግር አለው፤ በውስጡ የቀረው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያዘለው እርጥበት ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የተረፈውን ወደ አነስተኛ፣ ክዳኑ ግጥም ወደሚል ዕቃ ማዛወር ይበጃል። ከረጢቶቹ በርብራብ ወይም በፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ብለው ይደርደሩ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ጉዳዩ የሚከፋው የጓጎለውን በምጣድ ወይም በኦቭን ለማድረቅ ሲሞከር ነው። ዱቄቱ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፈራረስ ይጀምራል፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ፖታሲየም ካርቦኔት ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ ከ1 ኪሎ የሚቀረው 690 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ማድረቂያ ምድጃና የእንፋሎት ቧንቧ ግን ይደርሳሉ። አዲሱም ዱቄት ነጭ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ጠባዩ ግን ሌላ ነው፦ ዓይንና ቆዳን ይቆጠቁጣል፣ እርጥበትንም ከአየር አጥብቆ ይስባል።

አንዳንዶች ዱቄቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ አቼቶ ጠብ ያደርጉበታል። ይህ ሙከራ አያዋጣም፤ አቼቶ ሲነካው ሁለቱም አረፋ ይደፍቃል። የሚለያቸው የፒኤች ወረቀት ነው። ጥቂቱን በንጹህ ውሃ አሟሙቶ ወረቀቱን ነከር ሲያደርጉት ደህናው ባይካርቦኔት ከ8 ብዙም የማይርቅ ቁጥር ያሳያል፤ ወደ ካርቦኔት የተለወጠው ግን 11 አካባቢ ይደርሳል።

ሦስተኛው አሲድ ነው። 1 ኪሎ ዱቄት በቂ አሲድ ካገኘ በባሕር ወለል ከፍታ 240 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ያው ጋዝ ከ300 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ይህን ያህል ጋዝ ክዳኑ በታሰረ ዕቃ ውስጥ ቢፈጠር ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ አየር በማይገባበት ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሰው ያፍናል። አሲድ ሲባል ሁልጊዜ ፈሳሽ ነው ማለትም አይደለም። በየሕንፃው ኮሪደር የሚሰቀለው የኤቢሲ እሳት ማጥፊያ ዱቄት ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ስላለበት አሲዳማ ነው። በእድሳት ጊዜ ሁለቱ ዱቄቶች አንድ ሲሊንደር ውስጥ ከተደባለቁና ጥቂት እርጥበት ካገኙ ጋዝ ይፈጠራል፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዱቄቱም ይጋገራል። ስለዚህ ሁለቱን ማደባለቅ ክልክል ነው፤ አንዱ የነበረበት ሲሊንደርና መሙያ መሣሪያ በደንብ ሳይጸዳ ለሌላው አይውልም። በቀለም መለየታቸውም ከዚህ ስህተት ለመጠበቅ ይረዳል።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት የዱቄቱ የፖታሲየም መጠን ነው። ከክብደቱ 39 በመቶው ፖታሲየም ነው፤ 5 ግራም የሚይዝ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ዱቄት 2 ግራም የሚጠጋ ፖታሲየም አለው ማለት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። ኩላሊቱ የደከመ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየሙ በደሙ ውስጥ ሊከማችና የልብ ምቱን ሊያዛባበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው «ከጨው ነፃ ቤኪንግ ሶዳ» ብሎ ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ከረጢት ሲገለበጥ ብናኙ ጉሮሮና ዓይን ስለሚቆጠቁጥ ማስክና መነጽር ማድረግ፣ ብዙ ሰዓት ለሚሠራም ጓንት ማጥለቅ ይበቃል። የፈሰሰው መጀመሪያ በደረቁ ተጠርጎ ይነሣና ቦታው በውሃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ማጠብ፣ መቆጥቆጡ ካልተወ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ቸርችሮ የሚሸጥም ሆነ ለቤቱ ቀንሶ የሚያስቀምጥ ሰው ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ዱቄቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ምንም ባልተጻፈበት ፌስታል አያስቀምጥ። ኮስቲክ ሶዳም ነጭ ነው፣ የአይጥ መርዝም ነጭ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ላይ የዱቄቱን ሙሉ ስም፣ የተገዛበትን ቀንና ለምግብ ወይም ለእርሻ የተዘጋጀ መሆኑን ይጻፍ፤ ለእርሻ የመጣው ምንጊዜም ወጥ ቤት አይግባ።